ግፊት

ሰኔ ነው፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ለሠርግ ከአዲስ አበባ ወርጄ ያረፍኩት የእናቴ ታናሽ ወንድም ቤት ነው። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቧንቧ ሲዘረጋና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ አሁን የሠፈሩ ዕድር ጸሐፊ ነው። ጎረቤቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቺካጎ ታክሲ ነድቶ የተመለሰ ሰው ነው። ድሬ ላይ ቅጽል ስም ሳይወጣለት የሚኖር ስለሌለ እሱም "ቺካጎ" ተብሎ ቀርቷል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። መብራት የለም። ውሃ "ሌሊት ይለቀቃል" ስለተባለ ጀሪካኖቹ ቧንቧው ሥር ተሰልፈዋል። ከዚያ ምሽት ጨዋታ ያስታወስኩትን አሳጥሬ አስፍሬዋለሁ።

እኔ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ሙቀት እንዴት ነው የሚችሉት? ከመጣሁ ሦስት ሌሊቴ ነው፤ አንዱንም አልተኛሁም።

ጋሼ፦ መጀመሪያ "እርስዎ"ን ወደ አዲስ አበባ መልሺልኝ። እዚህ አባትም አንተ ነው፣ አያትም አንተ ነው። እርስዎ ስባል ከመሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ የመጣብኝ ይመስለኛል።

እኔ፦ እሺ፤ አንተ እንዴት ትችለዋለህ?

ጋሼ፦ ማን ይችለዋል? እሸሸዋለሁ እንጂ። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ መንገድ ላይ የምታዪው ወይ እንግዳ ነው ወይ ውሻ፤ ውሻውም ጥላ ይዟል። ሱቁ ይዘጋል፣ ሽርጥ ይታጠቃል፣ የፊትና የኋላ በር ይከፈትና ነፋስ ያልፋል፣ ወለሉ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ካለ ነው ታዲያ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከተማው እንደገና ይነጋል። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ድሬ ውስጥ ሙቀት የገደለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ቺካጎ፦ ዴሊም እንደዚሁ ነበር የሚለው።

ጋሼ፦ ዴሊ ደግሞ ማነው?

ቺካጎ፦ ሪቻርድ ዴሊ፤ ከንቲባችን የነበረው። በፈረንጅ 1995...

ጋሼ፦ በእኛ 87።

ቺካጎ፦ ሐምሌ 87 በለው። ሐሙስ ነበር፤ የታክሲ ኪራይ የምከፍልበት ቀን ስለሆነ አልረሳውም። ሙቀቱ 41 ዲግሪ ገባ። አሁን "41 ምን አላት?" ልትለኝ ነው።

ጋሼ፦ አፌ ላይ ነበረች።

ቺካጎ፦ የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው። ላብህ ሳታየው ይደርቃል፤ ሲደርቅ ያቀዘቅዝሃል። የዚያ ሳምንቱ ግን ወበቅ ነበር። ሬዲዮው "እርጥበቱ ሲታከልበት ሰውነት የሚሰማው እስከ 52 ነው" ይል ነበር። ላብህ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም፤ ምንም ሳይፈይድልህ ውሃህን ጨርሶ መሬት ይወርዳል። ሌሊቱም አልበረደም። ሰው አንድ ቀን ይችላል። ሌሊት ካላረፈ ግን በሦስተኛው ቀን ይወድቃል።

እኔ፦ አንተ የት ነበርክ የምትኖረው?

ቺካጎ፦ ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች። ርካሽ ስለነበረ ነው እንጂ ብልህ ሆኜ አይደለም። በብርዱ ጊዜ ስረግማት የኖርኩባት ክፍል በዚያ ሳምንት ነፍሴን አወጣች። ያለቁት ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉት ናቸው። ጣሪያው በሬንጅ የተለበጠ ጥቁር፣ ግድግዳው ጡብ፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ሰው ላይ ይተፋዋል። መስኮቱ ደግሞ ዝግ ነው። ሌባ ፈርተው በሚስማር የመቱት ነበሩ። ሽማግሌዎች፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። ቬንትሌተር ያለውም ቢሆን እንደዚያ ባለ ሙቀት ቬንትሌተሩ የሚያመጣለት ያንኑ ትኩስ አየር ነው።

ጋሼ፦ ውሃስ?

ቺካጎ፦ ውሃውንማ ልጆቹ ዘረፉት። መንገድ ዳር ለእሳት አደጋ የሚቆመውን ቧንቧ እየከፈቱ ይታጠቡበት ነበር። እኔም ታክሲዬን በነጻ አሳጥቤያለሁ፤ አልዋሽህም። በአንድ ጊዜ ከ3,000 በላይ ተከፍቷል።

ጋሼ፦ ሦስት ሺህ! ግፊቱ አለቀ በለኛ!

ቺካጎ፦ አለቀ። አንዳንድ ሠፈር ቤት ውስጥ ጠብታ ጠፋ። ሊዘጉ የመጡትን ሠራተኞች ደግሞ በድንጋይ አባረሯቸው።

ጋሼ፦ እንደዚያ ያሉትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። አንድ ጊዜ እዚሁ፣ ሠፈሩን አልነግርሽም፣ ቫልቭ ልዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ቀና ስል ሴቶቹ አፉ ላይ ጀሪካን ደርድረው ተቀምጠዋል። "ወይ ትተወዋለህ ወይ እዚያው ታድራለህ" አሉኝ። ተውኩት። በበነጋታው ከታች ያለው ሠፈር ደግሞ ቢሮ ድረስ መጣብኝ። ሰው ግፊት የሚባለው ነገር የጋራ መሆኑን አያውቅም። አንዱ ሲከፍት ሌላው ጋ እንደሚወርድ አይታየውም።

እኔ፦ ዴሊ ምን አለ?

ቺካጎ፦ መጀመሪያ አላመነም። ሰው በየቀኑ ይሞታል፤ በበጋ የሞተውን ሁሉ ሙቀት ገደለው ልትሉ ነው ወይ፤ ንግግሩ እንዲህ ዓይነት ነበር። አስከሬን መርማሪው ዶክተር ኤድመንድ ዶናሂው ግን አልተበገረም። ማቆያው ሞልቶ ማቀዝቀዣ ያላቸው ከባድ የጭነት መኪኖች ደጁ ላይ ቆመው ነበር፤ የሥጋ ፋብሪካ መኪኖች ናቸው። በዚያ ሳልፍ አይቻቸዋለሁ፤ እውነትም ሥጋ የጫኑ ነበር የመሰለኝ።

ጋሼ፦ ስንት ሰው ሆነ?

ቺካጎ፦ መጨረሻ ላይ የወጣው 739 ነው። በነሐሴ ወር ቀባሪ ያልተገኘላቸውን 41 ሰዎች ከሌሎች ባለቤት አልባ አስከሬኖች ጋር በአንድ ረጅም ጉድጓድ ቀበሯቸው።

ጋሼ፦ በአንድ ጉድጓድ? ዕድር የላቸውም?

ቺካጎ፦ ዕድሩን ተወው፤ መሞታቸውን ያወቀ ሰው ነው የጠፋው። ሽታው ነው በር ያሰበረው። እኔስ ብሆን? ሐሙስ ካልከፈልኩ ዓርብ የሚፈልገኝ የታክሲው ባለቤት ብቻ ነበር።

እኔ፦ ያ 739 የሚባለው ቁጥር ግን አስከሬን በመመርመር የመጣ አይደለም። እንደዚያ ባለ ሳምንት በደንቡ ስንት ሰው ይሞታል፣ አሁን ስንት ሞተ ብለው ቀንሰው ነው ያገኙት። ሙቀት እንደ ጥይት ቀዳዳ አይተውም።

ጋሼ፦ ታዲያ በምን ይገድላል? አስረጂኝ። እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ቧንቧ ሠራተኛ አስረጂኝ።

እኔ፦ ልብህን ፓምፕ በለው። ሲሞቅህ ሰውነትህ ሙቀቱን ለማስወጣት ቆዳህ ሥር ያለውን የደም መስመር ሁሉ ይከፍታል። ልጆቹ መንገድ ዳር እንደከፈቱት ማለት ነው።

ጋሼ፦ ግፊት ይወርዳል።

እኔ፦ ይወርዳል። ፓምፑ እንዳይወድቅ በፍጥነት መምታት ይጀምራል። በዚያ ላይ በላብ ውሃው እየጎደለ ነው...

ጋሼ፦ ጉድጓዱ ደርቆ ፓምፑ እየሠራ ነው በያ! ይሄማ ሞተር ነው የሚያቃጥለው። ስንቱን ፓምፕ አቃጥለናል።

እኔ፦ ጤነኛ ልብ ይቋቋመዋል። የደከመ ልብ አይቋቋመውም። ሽማግሌ ደግሞ ጥማቱን እንደ ወጣት አያውቀውም፤ ውሃ ሲጎድለው ሰውነቱ አይነግረውም። የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል ሽንት የሚያሸና ኪኒን የሚሰጣቸው አሉ፤ በዚያም ይጎድላል። ሰውየው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጋደም እንዳለ ያልፋል። ሐኪም ቤት ቢደርስ የሚጻፍለት ምንድን ነው? የልብ ድካም። ስትሮክ። ዕድር ላይስ ምን ይባላል?

ጋሼ፦ ግፊት።

እኔ፦ ግፊት።

ቺካጎ፦ ከሰዓት በኋላ የሚቃመው ጫትስ? እሱም ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል ይላሉ።

ጋሼ፦ ወደዚያ አትሂድ። ልጅቷ እንግዳ ናት።

(እዚህ ላይ ጋሼ ተነስቶ ገባ። መጠጥ ውሃ ይዞ ወጣ፤ ከጀበና ሸክላ የተቀዳ ያህል የኖራ ጣዕም ያለው ውሃ። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር ስለሚወጣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ጋሼ "አጥንት ያጠነክራል" ይለዋል፤ ማስረጃ ጠይቄው አላውቅም።)

ቺካጎ፦ በኋላ አንድ ሶሲዮሎጂስት፣ ኤሪክ ክላይነንበርግ ይባላል፣ ነገሩን አጥንቶ በፈረንጅ 2002 መጽሐፍ አወጣ። ኖርዝ ላውንዴልና ሳውዝ ላውንዴል የሚባሉ ጎን ለጎን ያሉ ሠፈሮች አሉ። ሁለቱም ድሀ፣ ሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎች ያሉባቸው፤ ፀሐዩም ያው አንድ ፀሐይ ነው። በኖርዝ 19 ሰው ሞተ፣ በሳውዝ 3። በሕዝቡ ብዛት ስታሰላው አሥር እጥፍ ይሆናል። እኔ ሁለቱንም ነድቼባቸዋለሁ። ኖርዝ ላይ ፋብሪካው ሄዷል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ግማሹ ቦታ ባዶ ሣር ነው፤ ሽማግሌው ወጥቶ የሚሄድበት የለውም። ሳውዝ የሜክሲኮዎች ሠፈር ነው፤ መንገዱ መጋላን ነው የሚመስለው። አትክልት ሻጭ፣ ዳቦ ቤት፣ ልጅ፣ ጫጫታ። አሮጊቷ ቤቷ ሲሞቅ ወጥታ ሱቅ ትገባለች። ሱቁ ውስጥ ኤሲ አለ።

ጋሼ፦ አላልኳችሁም? በር ነው መድኃኒቱ! የማዶዋን እናት ዛሬ ስንት ሰው አያት?

ቺካጎ፦ እሷ ናት እንጂ እኛን ስታይ የዋለችው።

ጋሼ፦ ይኸው! ይሄ ነው የምለው። ፈረንጅ በ739 ሰው የተማረውን እኛ በነጻ እናውቀዋለን።

እኔ፦ ይሄን ጨዋታ አልወደውም ጋሼ። አሮጊቷን ያዳናት ፍቅር ብቻ አይደለም፤ የምትሄድበት ሱቅ መኖሩ ነው። ሱቁ ሲዘጋ፣ ዛፉ ሲቆረጥ፣ ፍቅሩ የት ይቆማል? አንተ ያለኸው ከዚራ ነው። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት በእኛ 1895 እዚህ ሲቆም መንገዱ ቀጥ ተደርጎ፣ ዛፍ ተተክሎ የተሠራ ሠፈር ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተተከለ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ነው "ሙቀት አይገድልም" የምትለው። ትናንት የሙሽሪት ዘመዶች ዘንድ ሄድን፤ ከተማው ጫፍ፣ አዲሱ ሠፈር። ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለው፣ አንድ ዛፍ የለም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግድግዳውን ስነካው እንደ ምጣድ ነው። ውስጥ የተኛች አያት አለች።

ጋሼ፦ ...እሷን አውቃታለሁ።

እኔ፦ ስለ አዲስ አበባማ አትጠይቀኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ልጆቹ ሥራ ሲሄዱ እናታቸውን ከውጭ ቆልፈውባቸው የሚሄዱ አሉ። በደግነት ነው፤ እንዳይወድቁ፣ ሌባ እንዳይገባ። እኔ ራሴ ምን እየሠራሁ ነው የምኖረው? አርክቴክት ነኝ ብዬ የመስታወት ፎቅ እሥላለሁ። ደንበኛው መስታወት ነው የሚፈልገው። ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው ስለው "ኤሲ እናስገባለን" አለኝ። መብራት ሲጠፋስ ብለው "ጄኔሬተር" አለኝ። የአዲስ አበባ አየር በነጻ የሰጠውን ቅዝቃዜ በናፍጣ ሊገዛው ነው።

ቺካጎ፦ እዚያም ያኔ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ወደ 49,000 ቤት። ሁሉም ኤሲውን ሲከፍት መስመሩ አልቻለም።

ጋሼ፦ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የእኛ ፓምፕ ይቆማል። ፓምፑ ሲቆም ውሃ የለም። ስለዚህ ሲሞቅሽ ነው የምትጠሚው። ይሄን ሠላሳ ዓመት ኖሬዋለሁ፤ በሰኔ ስልክ የሚጮኸው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ የእኔን ተራ ስሙ። ሙቀቱን ከሰማይ ነው ልትሉ ትችላላችሁ፤ የውሃውን ድርቅ ግን ወደ ሰማይ አትግፉት። ሐሮማያን ታስታውሻለሽ?

እኔ፦ ልጅ ሆኜ ከአውቶቡስ መስኮት። ወፍ ነበረበት።

ጋሼ፦ የሐረር ከተማ የሚጠጣው ከዚያ ሐይቅ ነበር። እኔ ስቀጠር ጀልባ ይሄድበት ነበር። በእኛ 1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ደረቀ ስልሽ ቀነሰ ማለቴ አይደለም፤ ከብት ገብቶ ጋጠበት፣ ሰው በእግሩ አቋረጠው። ሁሉም "ድርቅ ነው" አለ። ዝናቡ ብቻውን ግን አላደረቀውም። ዙሪያውን ያለው ገበሬ ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ይስባል፤ ሐረር ይስባል፤ በዙሪያው ያሉ ከተሞች ይስባሉ፤ ከተራቆተው ተራራ የሚታጠበው አፈር ደግሞ ከሥር ይሞላዋል። እያንዳንዱ "እኔ የምወስደው ትንሽ ነው" ይላል፤ እውነቱንም ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ የተቀመጡብኝ ሴቶችም ልክ ነበሩ።

ቺካጎ፦ ከዚያ ሐረር ምን ጠጣች?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ቦቴ። ጀሪካን በአህያ። ሰው ለአንድ ጀሪካን የቀን ደመወዙን የሰጠበት ጊዜ ነበር። ኋላ ከየት መጣላት? ከእኛ! ከድሬ ጃራ፣ ከታች ከቆላው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ተራራውን በፓምፕ ተገፍቶ። ባቡሩ መውጣት ያቃተውን ተራራ ውሃው ወጣው። ከተማችን ስትቆረቆር "አዲስ ሐረር" ነበር ስሟ፤ አሮጌዋ ሐረር ዛሬ ከአዲሲቷ ትጠጣለች። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን ቧንቧ ሠራተኛ ነኝና የሚያስፈራኝን ልንገርሽ፤ ሐይቅ ሲጎድል ይታያል። ልጅም ያየዋል። ከርሰ ምድር ሲጎድል ማን ያያል? ፓምፑ አየር እስኪስብ ድረስ ማንም አያይም።

እኔ፦ ሐሮማያ ግን ተመልሷል አይደል? በቅርቡ ሳልፍ ውሃ አየሁ።

ጋሼ፦ በእነዚህ ዓመታት ተመልሷል፤ ተመስገን። የዳር ሞተሮቹም ተመልሰዋል።

ቺካጎ፦ ደቡብ አፍሪካውያኑም እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገብተው ነበር። በሬዲዮ ስንሰማ፣ ምን ነበር የሚሉት... "ዜሮ ቀን"።

እኔ፦ ኬፕታውን፣ በፈረንጅ 2018። ሦስት ዓመት ዝናብ ጠፍቶባቸው ግድቦቹ ተራቆቱ። የግድቦቹ ውሃ 13.5 በመቶ ሲደርስ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግተን ሰው በ200 ጣቢያ ተሰልፎ በቀን 25 ሊትር ይቀዳል ብለው አወጁ። ዓለም ሁሉ ደነገጠ።

ጋሼ፦ ሃያ አምስት ሊትር? አንድ ጀሪካን እኮ ነው።

እኔ፦ አንድ ጀሪካን።

ጋሼ፦ ለአንድ ሰው? በቀን? ይሄ ነው ያስደነገጣቸው?

ቺካጎ፦ (እየሳቀ) አንተን ወስደው ቢያሳዩዋቸው ይረጋጉ ነበር።

እኔ፦ እዚያም ቢሆን ከቆርቆሮ ቤት የሚኖረው ሰው ቀድሞም ከቦኖ ነበር የሚቀዳው፤ ለእሱ ዜሮው ቀን ከተወለደ ጀምሮ ነው። ባለጸጋው ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈረ። ያም ሆኖ ቀኑ አልደረሰም። በሰው 50 ሊትር ገደብ አደረጉ፣ አትክልት ማጠጣት ከለከሉ፤ አንተን የሚያስደስትህ ደግሞ የመስመሩን ግፊት ቀነሱት። ፍጆታው ከድርቁ በፊት ከነበረው ከግማሽ በታች ወረደ። ከዚያ በሰኔ ዘነበ።

ጋሼ፦ ግፊት መቀነስ! ይሄን ለስንት አለቃ ነግሬ ነበር። ግፊቱ ሲቀንስ ከተሰነጠቀው ቧንቧ የሚፈሰውም ይቀንሳል፤ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር ይረክሳል። ግን ጉድጓድ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ለተጠገነ ስንጥቅ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን አላየሁም።

ቺካጎ፦ ልጅቷ ግን ጥያቄዋን አልጨረሰችም። "ማን ቆጠረ?" ልትል ነበር መሰለኝ።

እኔ፦ አዎ። ጋሼ፣ በ98 ሐምሌ ማብቂያ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን የጠረገ ለት ስንት ሰው እንደሞተ ታውቃለህ?

ጋሼ፦ እንዴት አላውቅም? ከሁለት መቶ በላይ። ስም በስም የማውቃቸው አሉ። ሌሊቱንም ሰዓቱንም አልረሳውም።

እኔ፦ ጎርፍ አስከሬኑን አሸዋ ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ ስለዚህ ይቆጠራል። በሰኔ ግን ዛሬ አንድ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ሠፈር አንድ፤ እያንዳንዱ በየቤቱ፣ እያንዳንዱ በራሱ ግፊት። ማነው የሚደምራቸው? ፈረንሳይ በፈረንጅ 2003 ነሐሴ 15,000 ሰው ያህል አልቆባት ነው የነቃችው፤ ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው እናቶቹ አፓርታማ ውስጥ ቀርተው ነበር። ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችን ስም መዝግቦ ይዞ፣ ሙቀት ሲመጣ ይደውልላቸዋል። ሀብታም አገር ናት ልትለኝ ትችላለህ። ሕንድ ልንገርህ። አሕመዳባድ፣ ቆላ ናት፣ የንግድ ከተማ ናት፤ እንደ ድሬ በላት፣ ግን ሚሊዮኖች ያሉባት። በግንቦት 2010 ሙቀቱ 46.8 ገባ። እዚያም "እኛ ለምደነዋል" ይባል ነበር። ኋላ ተመራማሪዎች የዚያን ወር የሞት መዝገብ ከበፊቱና ከኋላው ዓመት ግንቦት ጋር ሲያስተያዩት 1,344 ትርፍ ሞት ወጣ። አብዛኞቹ ሙቀት ተብሎ ያልተጻፈላቸው ሰዎች ናቸው። ያን ካዩ በኋላ ነው በ2013 እቅድ ያወጡት። ውድ ነገር አይደለም፤ ከቀናት በፊት ማስጠንቀቂያ፣ ሐኪሙን ማሠልጠን፣ የመጠጥ ውሃ ቦታ፤ ኋላም የድሀውን ጣሪያ በነጭ ኖራ መቀባት።

ጋሼ፦ ኖራ የሐረር ሰው ድሮም ይቀባል።

እኔ፦ ይቀባል፤ ግድግዳውም ክንድ የሚያህል ድንጋይ ነው። ቆርቆሮ ግን ሲመጣ ኖራውን ይዞ አልመጣም።

ቺካጎ፦ ቺካጎም ከቆጠረች በኋላ ተለወጠች እኮ። በፈረንጅ 99 ያው ሙቀት ሲመጣ ፖሊስና የማዘጋጃ ሠራተኛ የሽማግሌዎቹን በር እያንኳኳ ዞረ። ያኔ 110 ያህል ነው የሞተው። ያም ብዙ ነው፤ ግን 739 አይደለም።

ጋሼ፦ ቆይ። ምን ልታሠሪኝ እንደፈለግሽ ገባኝ።

(ገብቶ ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ ይዞ ወጣ። ቺካጎ የስልኩን መብራት አበራለት።)

ጋሼ፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ቀን፣ የተከፈለ ገንዘብ። ይሄ የመጨረሻው ረድፍ የእኔ ነው፤ የዕድሩ ደንብ አያስገድድም፣ ምክንያቱን ለራሴ ነው የምጽፈው። ስሞቹን አላነብም። "ወሊድ።" "መኪና።" "ግፊት።" "ስኳርና ግፊት።" "ድንገት።" ይሄ ቀን... ሰኔ 9። "ግፊት።" ይሄ ሰኔ 11። "ድንገት።" ይሄንን ሰው እኮ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ቡና ጠጥተናል። ቆርቆሮ ሥር ነበር የሚተኛው፤ ያቺ የኋላ ሰርቪስ...

እኔ፦ ጋሼ፣ ከአንድ መዝገብ ምንም ማለት አይቻልም። ትንሽ ነው። ሰው በሌላ ወርም ይሞታል። የሁሉም ሠፈር መዝገብ፣ የብዙ ዓመት፣ ከሜትሮሎጂ የየቀኑ ሙቀት ጋር አብሮ ካልታየ ዝም ብሎ መፍራት ነው።

ቺካጎ፦ የእኛም አፎሻ፣ የእኛ ዕድር ማለት ነው፣ መዝገብ አለው። በአረብኛ ፊደል የተጻፈ ሁሉ አለ፤ የአባቴ እጅ ነው። ላምጣው?

ጋሼ፦ አምጣው። ነገ አምጣው። ከገንደቆሬ ዕድር ዳኛው ወዳጄ ነው፤ ይሰጠኛል። የሳቢያኖቹ ይንቀባረራሉ፤ ግን ለመዝገብ እምቢ አይሉም። (ዝም አለ። ጣቱ ገጹ ላይ ነው።) ሠላሳ ዓመት የቆጣሪ ንባብ ስመዘግብ ኖሬ... ይሄ ሁሉ "ግፊት" የእኔ እጅ ጽሕፈት ነው። ቆይ፣ የአንዱን ዓመት ሰኔ ብቻ ልቁጠር። አንድ። ሁለት። ይሄኛው ሐምሌ ነው። ሦስት...

(ቧንቧው ሳለ። አንዴ፣ ሁለቴ፤ ከዚያ አየር ነፋ።)

ቺካጎ፦ መጣ!

ጋሼ፦ አየሩ ይውጣ! አትቸኩሉ፣ ግፊቱ ገና ነው። የማዶዋን ቢጫ ጀሪካን አስቀድሚ፣ ሰው ትልካለች። ሮቶውን እኔ እከፍተዋለሁ። መዝገቡ እንዳይረጥብ፣ መዝገቡን አንሱት!

ቺካጎ፦ ስንት ላይ ነበርክ?

ጋሼ፦ ሦስት ላይ። አይ፣ አራት... ተወው፣ እንደገና እጀምረዋለሁ። ምን ሆነሽ ነው እጅሽን ያነሳሽው?

እኔ፦ ውሃው ትኩስ ነው።

ጋሼ፦ መስመሩ ላይ ላዩን ነው የተቀበረው። የፀሐዩ ሙቀት ገና አልወጣለትም። ስንት ሰዓት ሆነ?

ቺካጎ፦ ስድስት ከሩብ።

ጋሼ፦ ቅጂው፣ ቅጂው። ሲነጋ ይበርዳል።